የታተመ ልብ ወለድ ይታረማልን?

አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ታትሞ ከወጣ በኋላ የማን ነው? የደራሲው ነው ወይስ የአንባቢው? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ደራሲው መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ለማሳተም ተነሥቶ «እዚህ ላይ ልቀንስ፤ እዚያ ላይ ልጨምር፤ ይህን ቃል በሌላ ልለውጥ» ማለት ሲጀምር ግን ክርክር ይነሣል። አንዳንዶች «የታተመ ታትሟል፤ አይነካም» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «ደራሲ በሕይወት እስካለ ድረስ ሥራውን የማቃናት መብት አለው» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይሁን እንጂ መብት ሁሉ ወሰን እንዳለው ይህም መብት ወሰን አለው እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ መብቱንም ወሰኑንም ለማሳየት እሞክራለሁ። እናንተም ማስረጃውን እየመዘናችሁ አንብቡ እንጂ በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ብቻ አትቀበሉት።

«አይነካም» የሚሉት ወገኖች ምክንያት የሌላቸው አይደሉም። በአገራችን ቃል ክቡር ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» እስከ ማለት የደረሰ ሕዝብ፣ በአደባባይ የወጣ ቃል ሲለወጥ ቢያይ ቅር ቢሰኝ አያስደንቅም። ከዚህም በላይ አንባቢ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጊዜውን ሰጥቶ፣ ከባለታሪኮቹ ጋር አብሮ አዝኖና ተደስቶ ያነበበው መጽሐፍ በልቡ ውስጥ ቦታ ይዟል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ገዝቶ ሌላ ነገር ቢያገኝበት የተታለለ ይመስለዋል። መምህርም በክፍል ውስጥ አንዱን መጽሐፍ ሲያስተምር ግማሹ ተማሪ የፊተኛውን፣ ግማሹ የኋለኛውን ዕትም ቢይዝ ትምህርቱ ይደናገራል። እነዚህ ሁሉ ሊናቁ የማይገባቸው ነገሮች ናቸው።

ነገር ግን ሌላም ምሳሌያዊ አነጋገር አለን፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እንላለን። ይህ አባባል ስለ ንግግር እውነት ነው። በአደባባይ ያመለጠ ቃል ተመልሶ አይሰበሰብም። ስለ መጽሐፍ ግን እውነትነቱ በከፊል ነው። መጽሐፍ ከንግግር የሚለይበት አንዱ ትልቅ ዕድል ይህ ነውና። ሁለተኛ ዕትም ማለት ለብዕር ወለምታ የተገኘ ቅቤ ነው። ይህን ዕድል እያለ አለመጠቀም፣ የሚታወቅ ስሕተትን እያወቁ ለአዲስ አንባቢ ማቀበል ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ባለማወቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ታውቆ የተደገመ ነው።

እርማት በአገራችን የጽሕፈት ባህል ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። እንጦጦ ማርያምን በመሳሰሉ አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት በብራና ላይ በመቃ ብዕር ሲጻፉ በኖሩበት ዘመን፣ ጸሐፊው ቃል ሲስት ብራናውን በስለት ፍቆ በላዩ ላይ ትክክለኛውን ይጽፍ ነበር። ዘልሎት ያለፈው ቃል ወይም መስመር ሲገኝም በኅዳጉ ወይም በመስመሮቹ መካከል ምልክት ተደርጎ ይጨመር ነበር። አንድ መጽሐፍ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ከሌላ ቅጂ ጋር እያስተያዩ ማረም የታወቀ ሥራ ነው። እንግዲህ አያቶቻችን ለመጽሐፍ የነበራቸው ክብር «አይነካም» በማለት ሳይሆን «ስሕተት አይኑርበት» በማለት ይገለጥ ነበር። ልብ በሉ፤ የተፋቀው ብራና ፍቀቱ ይታያል። አራሚው ማረሙን አልደበቀም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በእንጦጦ ራጉኤል ተምረው ያገለገሉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ለዚህ ነገር ምስክር ይሆኑናል። እርሳቸው በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ሥራ በ1904 ዓ.ም. አሳተሙ። ዝርዝሩን እንዳበቃ ነገር አልተዉትም፤ አስፋፍተውና አሻሽለው በ1920 ዓ.ም. እንደገና አወጡት። በሁለቱ መካከል ዐሥራ ስድስት ዓመት አለ። ይህ መጽሐፍ ልብ ወለድ አይደለም። ዳሩ ግን አንድ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ራሱ ሥራ ተመልሶ «ይህ ይጎድለዋል» ማለት ውርደት ሳይሆን ትጋት መሆኑን ያሳያል።

እርማት ሲባል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በእኔ አመለካከት አራት ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱም የየራሱ ሕግ አለው።

የመጀመሪያው የፊደል ግድፈትን ማረም ነው። ቀደም ባለው ዘመን መጽሐፍ ሲታተም ፊደል ለቃሚው እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል ከየሣጥኑ እየለቀመ ይደረድር ነበር። የአማርኛ ፊደላት ብዙዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በቅርጽ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በ«ለ» ፈንታ «ሰ»፣ በ«ከ» ፈንታ «ኸ» መግባቱ የተለመደ ነበር። ከታተመ በኋላ የታየው ስሕተት በመጨረሻው ገጽ ላይ «እርማት» ተብሎ ይዘረዘር ነበር። ዛሬ መጽሐፍ በኮምፒዩተር ስለሚዘጋጅ አንድን ፊደል ለመለወጥ ገጹን ሁሉ ማፍረስ አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን ግድፈት ማረም ማንንም የሚያከራክር አይደለም፤ አለማረሙ ነው የሚያስወቅሰው።

ሁለተኛው የፍሬ ነገር ስሕተትን ማረም ነው። «ልብ ወለድ ፈጠራ ነው፤ ስለዚህ ስሕተት የለበትም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ደራሲው ባለታሪኩን መፍጠር ይችላል፤ ባለታሪኩ የቆመበትን ተራራና የኖረበትን ዘመን ግን እንዳሻው ሊያደርገው አይችልም። ለምሳሌ ያህል አንድ ደራሲ ታሪኩን የጀመረው በእንጦጦ ማርያም ነው እንበል። ዘመኑም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ዕለት ይሁን። ደራሲው «ወጣቱ ወታደር ከባሕር ዛፍ ሥር ተጠልሎ ሥነ ሥርዓቱን ይመለከት ነበር፤ ከሩቅም የባቡር ፉጨት ተሰማው» ብሎ ጽፏል እንበል። ዛሬ እንጦጦ ሲባል በሁላችን ዓይነ ልቡና የሚመጣው ባሕር ዛፍ ስለሆነ ደራሲው ይህን መጻፉ አያስገርምም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ የንግሥ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ባቡሩም ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ወታደሩ ሊጠለል የሚችለው ከጽድ ሥር ነው፤ ፉጨቱንም ሊሰማ አይችልም።

ይህ ስሕተት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም። ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ንባቡን ያቆማል፤ «ይህን ያላወቀ ደራሲ ስለ ሰው ልብ የሚነግረኝን እንዴት ልመነው?» ይላል። የማያውቀው አንባቢ ደግሞ ስሕተቱን እንደ እውነት ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ በአዲሱ ዕትም መታረም አለበት። አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። በዚያው ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባለታሪክ «ይህ ባሕር ዛፍ ከአዳም ጀምሮ እዚህ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ይህ የሽማግሌው ስሕተት እንጂ የደራሲው ስሕተት አይደለም። ሰው ሲናገር ይሳሳታል። የባለታሪክን ስሕተት ማረም ባለታሪኩን መግደል ነው። ጥሩ አራሚ የተራኪውን ድምፅና የባለታሪኩን ድምፅ ለይቶ ያውቃል።

ሦስተኛው ቋንቋን ማቃናት ነው። ከሁሉ ይልቅ ድካም የሚጠይቀውና ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ነው። እስቲ በምሳሌ እንመልከተው። እንጨት ለቅመው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ከእንጦጦ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች የታወቁ ናቸው። አንድ ደራሲ በመጀመሪያው ዕትም ስለ እነርሱ እንዲህ ጽፎ ነበር እንበል፤

«እንጦጦ ማርያም በጣም ቆንጆ ቦታ ነች። ተራራው እጅግ በጣም ከፍተኛ ነው። ከዚያ ላይ ሲታይ አዲስ አበባ በሙሉ ትታያለች። ሴቶች ከባድ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ሲታዩ በጣም ያሳዝኑ ነበር፤ የሚያያቸውም ሰው ሁሉ በጣም ልቡ ይነካና እንባው ይመጣ ነበር።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን «በጣም» አራት ጊዜ ተደግሟል፤ አንዱም የሚያሳየን ነገር የለም። «ሲታይ ትታያለች»፣ «ሲታዩ» የሚለው ድግግሞሽ ጆሮን ያሰለቻል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ደራሲው የሴቶቹን ሸክም በማሳየት ፈንታ የተመልካቹን እንባ መቁጠሩ ነው። አሁን ያው ደራሲ ለአዲሱ ዕትም አንቀጹን እንዲህ አቃንቶታል እንበል፤

«ከእንጦጦ ማርያም ቅጽር ወጥቶ ወደ ደቡብ ለሚመለከት፣ አዲስ አበባ ከእግሩ ሥር ተዘርግታ ትታያለች። በባሕር ዛፉ መካከል በሚወርደው ቁልቁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ይሄዱ ነበር። የእንጨቱ ጫፍ በግራና በቀኝ ከትከሻቸው አልፎ መንገዱን ይሞላዋል። ከወገባቸው ስለ ጎበጡ የሚታያቸው ከፊታቸው ያለው ጠጠር እንጂ ከተማዋ አልነበረችም።»

ምን እንደ ተለወጠ መርምሩ። «ያሳዝናል» የሚለው ቃል ጠፍቷል፤ ኀዘኑ ግን ጨምሯል። «በጣም» ወጥቷል፤ ተራራው ግን ከፍ ብሏል። በመጀመሪያው አንቀጽ ከተማዋንና ሴቶቹን የሚያገናኝ ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ግን መንገደኛው የሚያያትን ከተማ ሴቶቹ እንደማያዩዋት ስለ ተነገረን ሁለቱ ነገሮች ተያያዙ። ማቃናት ማለት ይህ ነው። ማስጌጥ ማለት አይደለም።

ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው ግን ሦስተኛ አንቀጽ ይጽፋል፤

«ደመና ጠቃሿ፣ አድማስ ተሻጋሪዋ፣ የተራሮች እመቤት እንጦጦ አረንጓዴ ካባዋን ተጎናጽፋ፣ በግርማ ሞገሷ ደምቃ፣ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙና ቁልቁል ስትመለከት፣ የመከራ ልጆች የሆኑት ምስኪን እኅቶቻችን የሕይወትን መራራ ቀንበር ተሸክመው…»

«ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሴቶቹ ጠፍተዋል፤ እንጨቱም ጠፍቷል። የቀረው የደራሲው ቃላት ማብዛት ብቻ ነው። ብዙ ደራስያን ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የሚሰናከሉበት ቦታ ይህ ነው። በወጣትነታቸው በቀላል ቃል የጻፉትን፣ ስማቸው ከታወቀ በኋላ ቀላል መሆኑ ያሳፍራቸውና ያከብዱታል። ስለዚህ ለዚህኛው ደረጃ የማቀርበው ሕግ ይህ ነው፤ በእርማቱ ነገሩ ይበልጥ የሚታይ ከሆነ እርማቱ ይግባ፤ ይበልጥ የሚታየው ደራሲው ከሆነ ግን የፊተኛው ይቆይ።

አራተኛውና ከሁሉ የከበደው ሐሳብን፣ የታሪኩን አካሄድና የባለታሪኮቹን ዕጣ መለወጥ ነው። ለዚህ የአገራችን ጥሩ ምሳሌ በዓሉ ግርማ ነው። በዓሉ «የሕሊና ደወል» የተባለውን ልብ ወለድ በ1966 ዓ.ም. አሳተመ። በዚያው ዓመት አብዮት ፈነዳ፤ የአገሪቱም ሥርዓት ተለወጠ። ደራሲው ወደዚያ ታሪክና ወደ ዋናው ባለታሪክ፣ ወደ መምህሩ ሀዲስ ሳህሌ ተመልሶ፣ ሥራውን እንደገና አስፋፍቶ ጻፈው። አዲሱም መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. «ሀዲስ» ተብሎ ወጣ። እዚህ ላይ ደራሲው ያደረገውን አስተውሉ። ለውጡ ብዙ ስለሆነ የፊተኛውን ስም አልሰጠውም፤ በሌላ ስም አቀረበው። በዚህም ምክንያት የፊተኛውን ያነበበ ሰው መጽሐፉ አልተሰረቀበትም፤ የኋለኛውን የሚያነብም ምን እንደ ያዘ ያውቃል። ሁለቱን እያስተያየ የሚያነብ ደግሞ የአንድ ደራሲ ሐሳብ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደ ተጓዘ ይማራል።

በዓሉ ከዚህ ወዲያ ሌሎቹን ሥራዎቹን እንዲህ የመመልከት ዕድል አላገኘም። በዚያው በ1975 ዓ.ም. የወጣው «ኦሮማይ» ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲውም በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። ይህን የማነሣው ነገሩ ስለሚያሳዝን ብቻ አይደለም። ወደ ሥራ ተመልሶ «እንደገና ልየው» ማለት ለደራሲ ሁሉ የማይደርስ ዕድል መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። ዕድሉን ያገኘ ደራሲ «ከታተመ በኋላ ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊያሳልፈው አይገባም።

በሌላውም ዓለም ያለው ልምድ ይህንኑ ያስረዳል። የኬንያው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስለ አገሩ የነጻነት ትግል የጻፈውን «የስንዴ ቅንጣት» የተባለ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትሞ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ለገበሬዎቹ ባለታሪኮች የሰጠው የዓለም አመለካከት እርሱ በኋላ ከደረሰበት እምነት ጋር እንዲስማማ አንዳንድ ነገር ለውጦ አሻሽሎ አወጣው። እንግሊዛዊቱ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን እ.ኤ.አ. በ1818 ስሟን ሳትጽፍ አሳተመች፤ በ1831 ደግሞ አርማና መግቢያ ጨምራ አወጣችው። ዛሬ ሁለቱም ዕትሞች ይነበባሉ፤ «የትኛው ይሻላል?» የሚለውም ክርክር አላበቃም። የሩሲያው ሊዮ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1873 ባወጣው የ«ጦርነትና ሰላም» ዕትም ውስጥ በፈረንሳይኛ የተጻፉትን ንግግሮች ወደ ሩሲያኛ መልሷቸው ነበር። በኋላ በወጡት ዕትሞች ግን ፈረንሳይኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው እርማት ሁሉ መሻሻል እንዳልሆነ ነው። ታላቅ ደራሲም አርሞ ሊያበላሽ ይችላል። የፊተኛው ዕትም ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ ግን መመለሻ መንገድ አይኖርም ነበር።

እስካሁን የተናገርሁት ደራሲው ራሱ ስለሚያደርገው እርማት ነው። ደራሲው ካረፈ በኋላስ? እዚህ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። ከግልጽ የፊደል ግድፈት በቀር ማንም እጁን ሊያስገባ አይገባም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙት መጽሐፍ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» ተብሎ ነው። ዛሬ ግን ሁላችን የምናውቀው በኋላ በታተመበት ስም፣ «ጦቢያ» ብለን ነው። ስሙ ያማረ ነው፤ የዋናዪቱ ባለታሪክም ስም ነው። ሆኖም የፊተኛው አርእስት ሲረሳ አንድ ትልቅ ነገር አብሮ ሊረሳ ይችላል። ዛሬ ይህን የድርሰት ዓይነት በሙሉ የምንጠራበት «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል በዚያ መጽሐፍ ሽፋን ላይ ተጽፎ ነበር። የአርእስት ለውጥ እንኳ ይህን ያህል ነገር ሊሰውር ከቻለ፣ የውስጥ ቃል ለውጥ ምን ያህል ሊሰውር እንደሚችል ገምቱ።

የሀዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ደራሲው መጽሐፋቸውን በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ሞክሼ ፊደላት ቀንሰው ጽፈዋል። አንድ ትጉህ ነኝ ባይ አራሚ መጥቶ «የግእዙን ሥርዓት ልመልስ» ብሎ ፊደሉን ሁሉ ቢለውጥ፣ ስሕተት ያረመ ይመስለዋል፤ የሠረዘው ግን የደራሲውን ሐሳብ ነው። በአጻጻፉ ላይስማማ ይችላል፤ ሊከራከርም ይችላል። ክርክሩን ግን በራሱ ጽሑፍ ያቅርብ እንጂ በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ አያካሂደው። ከዚህ አልፎ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍጻሜ በሠርግ ልጨርስ የሚል ሰው ቢነሣ ማን ይፈቅድለታል? ያን ታሪክ ብዙ ሰው አንብቦታል፤ በወጋየሁ ንጋቱም ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶ አልቅሶበታል። ደራሲው ከሌሉ በኋላ የዚያ ፍጻሜ ጠባቂ አንባቢው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። መጽሐፉ የማን ነው? ደራሲው በሕይወት ሳለ የሁለቱም ነው። ደራሲው የማረም መብት አለው፤ አንባቢው ደግሞ የማወቅ መብት አለው። ሁለቱን መብቶች የሚያስታርቃቸው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ግልጽነት ነው። ታርሞ የወጣ መጽሐፍ «ሁለተኛ ዕትም» ብቻ ሳይሆን «ተሻሽሎ የቀረበ» ሊባል ይገባል። በመቅድሙም ደራሲው ምን እንደ ለወጠና ስለምን እንደ ለወጠ በአጭሩ ቢያስረዳ መልካም ነው። የፊተኛውም ዕትም በየቤተ መጻሕፍቱ ተጠብቆ ይቆይ። የብራናው ጸሐፊ ፍቀቱ እንዲታይ እንደ ተወው ሁሉ፣ የዛሬውም ደራሲ የእርማቱን ምልክት አይደብቅ። ኮምፒዩተር እርማትን እጅግ ቀላል ባደረገበት በዛሬው ጊዜ ይህ ግዴታ ይበልጥ ይጠብቃል። በእርሳስ ፊደል ዘመን አንዲት ቃል ለመለወጥ ድካምና ወጪ ስለነበረ ሰው ሁለት ጊዜ አስቦ ይለውጥ ነበር። ዛሬ ግን ሳይታሰብ የተጻፈውን ሳይታሰብ መለወጥ ይቻላል።

ይህ ሁሉ እናንተን የሚመለከታችሁ መጽሐፍ ስታሳትሙ ብቻ አይደለም። መምህራችሁ ድርሰት ጻፉ ሲሏችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የመጨረሻዋን ነጥብ እንዳሳረፋችሁ ወረቀቱን ለማስረከብ ትቸኩላላችሁ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተጻፈ በንባብ ጊዜ ይፈታል። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ለአንድ ሌሊት አስቀምጡት። በማግስቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋልና። መጀመሪያ ፍሬ ነገሩን መርምሩ፤ ቀጥሎ የዐረፍተ ነገሩን አያያዝ፤ ፊደሉን በመጨረሻ። ያለ ሥራ የቆመውን ቃል ሁሉ አውጡ። «በጣም» የሚለውን ቃል ስታገኙ «ይህ ቃል ምን አሳየኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን አትጣሉት። ስርዝ ድልዝ የበዛበት ወረቀት የሰነፍ ተማሪ ምልክት አይደለም፤ ጸሐፊው ከራሱ ጋር ተከራክሮ መርታቱን የሚመሰክር ሰነድ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው እርማትን በስንት ደረጃ ከፈለው? ከእነዚህ ውስጥ የማትስማሙበት ቢኖር ምክንያታችሁን አስረዱ።

2. ስለ እንጦጦ ማርያም በቀረቡት ሦስት አንቀጾች ውስጥ የተገኙትን ቅጽሎችና ተውሳከ ግሦች ለይታችሁ ጻፉ። በየትኛው አንቀጽ በዝተው ተገኙ? ምን ጠቀሙ? ምንስ ጎዱ?

3. «ደራሲው ካረፈ በኋላ ከፊደል ግድፈት በቀር ምንም ሊታረም አይገባም» የሚለውን ሐሳብ በመደገፍ ወይም በመቃወም ሁለት አንቀጽ ጻፉ። ጽፋችሁ ካደረ በኋላ አርማችሁ ረቂቁንም የታረመውንም ለመምህራችሁ አቅርቡ።